ጫማውን አውልቆ የገባው ሌባ

ሚስ ዊኒፍሬድ ስታሊንግስ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በገዛ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ወድቀው ተገኙ። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከራሳቸው ሥር ግን ትራስ ተደርጎላቸዋል፤ እስከ አገጫቸው ድረስም ብርድ ልብስ ለብሰዋል። የቤቱ ስልክ ከመስቀያው ወርዶ ጆሯቸው አጠገብ ተጋድሟል። በወዲያኛው ጫፍ የአደጋ ጊዜ ጥሪ የምትቀበለው ልጅ «እማማ፣ ይሰሙኛል? ሰዎች እየመጡ ነው» እያለች ትለፋለች።

የአምቡላንሱ ሰዎች አሮጊቷን በፊት ለፊት በር ይዘው ሲወጡ መርማሪ ኔልዳ ፕሩት በጓሮ በኩል ደረሰች። በረንዳው ላይ ልትወጣ እግሯን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

ሚያዝያ ነበር። በሚያዝያ የአላባማ ጥዶች ቢጫ ብናኛቸውን ያራግፋሉ፤ መኪናው፣ ውሻው፣ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። የሚስ ዊኒ በረንዳም ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በዚያ ብናኝ ላይ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ሁለት የጫማ ቅርፆች ጎን ለጎን ታትመዋል። ከዚያ ወደ በሩ የሚሄደው ዱካ ጫማ የለበትም፤ የካልሲ ነው።

ሸሪፍ ሃርላን ዶስ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ፖሊስነትን የጀመሩት በአንድ ዓመት ነው። እሱ ፎቶውን በየመንገዱ አስለጥፎ በምርጫ ሸሪፍ ሆነ፤ እሷ መርማሪ ሆና ቀረች።

«ምን ታያለሽ?»

«ጫማውን አውልቆ የገባ ሌባ።»

«ኮቴው እንዳይሰማ ነዋ!»

«ኮቴው እንዳይሰማ የፈለገ ሰው ጫማውን እንዲህ አጣምሮ፣ ግድግዳ አስጠግቶ ያስቀምጣል? መጠኑንስ አየኸው? ታንኳ እኮ ነው።»

«የኔ ልጆች በጭቃ ጫማ አልጋ ላይ ይወጣሉ፣ ሌባው ያወልቃል!» አለ ዶስ ራሱን እየነቀነቀ።

«ይሄንንም እይልኝ። ሮጦ ወጥቷል፤ ጣቶቹ ብቻ ናቸው የረገጡት። ደረጃው ጋ ሲደርስ ተመልሷል፤ ሲመለስ ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ እንደገና ወጥቶ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ሄዷል። ምን መለሰው?»

ዶስ ወደ በሩ ዞረ። በሩ አልተሰበረም። ከቧንቧው ጀርባ በምስማር ላይ የሚንጠለጠለው ትርፍ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ እንደተሰካ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የብር ማንኪያና ሹካ መሳቢያው ተከፍቷል፤ ግማሹ በአንድ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ወለሉ ላይ ተጥሏል። ሌላ የተነካ ነገር የለም።

በሐይቁ ዙሪያ እንዲህ ያለ ስርቆት አራተኛው መሆኑ ነው። ባለፈው ጥቅምት ሁለት ቤቶች ተዘረፉ። ከዚያ ብርዱ እስኪያልፍ ሌባው ዝም አለ። በመጋቢት የትራክተር ነጋዴው የሚስተር ግሬንጀር ላይል ቤት ተራው ደረሰ። የትኛውም በር አልተሰበረም፤ የትኛውም ቤት ሰው አልተነካበትም። አሁን ግን አንዲት አሮጊት ተጎድታለች፤ ዶስም ዘንድሮ እንደገና ለምርጫ ይቀርባል።

*

ሚስ ዊኒ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነውም ሊፕስቲካቸው እንዲመጣላቸው አዘዋል።

«አዳልጦኝ ነው» አሉ ለኔልዳ። «በዚህ ዕድሜ መውደቅ ብርቅ አይደለም፣ ልጄ።»

«ትራሱን ማን አደረገልዎ?»

«እኔው ነኝ።»

«ዳሌዎ ተሰብሮ መኝታ ቤት ሄደው ትራስና ብርድ ልብስ ይዘው መጡ?»

«ተሳብኩ።»

«ማንኪያዎቹንስ ከረጢት ውስጥ የከተታቸው ማነው?»

«ልወለውላቸው ነበር።» አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አባትሽን አውቀው ነበር። በባለቤቴ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሲሠራ እንዳንቺው ነገር አይለቅም ነበር። አሁን ደክሞኛል።»

ኔልዳ ብዙ ውሸታም አይታለች። ፈርቶ የሚዋሽ ሰው ዓይኑ በሩን ይጠብቃል። እኚህ ሴትዮ በሩን አንዴም አላዩትም። የፈሩት ለራሳቸው እንዳልሆነ ገባት፤ ለማን እንደሆነ ግን አላወቀችም። በማግስቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸውና ሐኪሞቹ ጠያቂ ሁሉ ከለከሉ።

*

ዶስ አላረፈም። ረቡዕ ዕለት የሐይቁ መንገድ ላይ የታየው መኪና የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኙ የአንሴልሞ ኪሮዝ ነው። አንሴልሞ የተዘረፉትን አራቱንም ቤቶች ያውቃል፤ የሁለቱን ቁልፍ ይዞ ይዞራል። ሐሙስ ጠዋት አስሮ ጣቢያ አስገባው።

አንሴልሞ ጠረጴዛው ላይ እጆቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ኔልዳ ስትገባ ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነው።

«ሚስ ዊኒ እንዴት ናቸው?»

«በሕይወት አሉ። ረቡዕ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ከእሳቸው ሦስት ቤት አለፍ ብሎ አንድ ማቀዝቀዣ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እሱን ስጠግን ነበር። ብቻዬን ነኝ፤ ባለቤቶቹ ባሕር ዳርቻ ናቸው። ማን ይመስክርልኝ? ማቀዝቀዣው?»

«ቁልፎቹስ?»

«ሰው ቁልፉን የሚሰጠኝ ስለሚያምነኝ ነው። ነገ ከዚህ ስወጣ ማን ይሰጠኛል? ኢንስፔክተር፣ እኔ ያለ ቁልፍ ምን ሥራ አለኝ?»

ኔልዳ ወደ ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰች። «ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?»

«አርባ። ምነው?»

ኮሪደሩ ላይ ዶስን ያዘችው። «ልጁ በዚያ ጫማ ውስጥ ሁለቱንም እግሮቹን ከትቶ ሊተኛ ይችላል።»

«ትልቅ ጫማ አጥልቆ ቢመጣስ? ሊያሳስተን?»

«አጥልቆ መጥቶ፣ አውልቆ ገባ?»

«ሌላ ሰው አምጪልኝና እፈታዋለሁ» አለ ዶስ። «እስከዚያው ጋዜጠኞቹ ከበር ንቅንቅ አይሉም።»

*

ሌላው ሰው የአሮጊቷ የወንድም ልጅ ፕሬስተን ነበር። ቤትና መሬት ያሻሽጣል፤ ቁመቱም እግሩም ትልቅ ነው፤ አክስቱ ያንን ቤት ሸጠው አረጋውያን መኖሪያ እንዲገቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወተውታቸው ኖሯል።

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቢሮ።»

«ጸሐፊህ አልነበረም ብላለች።»

«ማለቴ ምሳ ላይ ነበርኩ።»

«እስከ አስር ሰዓት? ምሳው በሬ ነበር እንዴ?»

ፕሬስተን ክራቫቱን ፈታ አደረገ። ኔልዳ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች።

«አክስቴ እንዳትሰማ። ከቤቷ ጀርባ ያለውን ጫካ ሳስለካ ነበር። የመዝናኛ ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ፈልገውታል።»

«ገና ሳይሞቱ?»

«ለእሷው ብዬ እኮ ነው!»

ቀያሹ ቃሉን ሰጠ፤ አብሮት የነበረው የመለኪያ መሣሪያ ተሸካሚም እንደዚያው። አክስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሲወድቁ ፕሬስተን በሙሉ ልብስ ረግረግ ውስጥ ቆሞ ትንኝ ሲያባርር ነበር። ኔልዳ እንዲህ ያለ ሰው ሌባ ባለመሆኑ ትንሽ አዘነች።

*

ከመጀመሪያው ልትጀምር ወሰነችና ወደ ሚስተር ላይል ቤት ሄደች። ሽማግሌው በረዶ የሞላበት ጣፋጭ ሻይ አቀረቡላት። ሳሎናቸው ከጣሪያ እስከ ወለል የኮሌጁ ፉትቦል ቡድን ነው፤ ባንዲራው፣ የራስ ቁሩ፣ የተፈረመበት ኳሱ። ፉትቦል ስል በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን፣ በትከሻ እየተጋጩ የሚተላለፉበትን ነው፤ እዚያ አገር ሌላ ፉትቦል የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ባዶ ይሆናል፤ ሠርግ የሚያስበው እንኳ የጨዋታ ቀን አይቶ ነው።

ኔልዳ ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ ቀለሙ ከሌላው ሳይደበዝዝ መቅረቱን አየች።

«እዚህ ምን ነበር?»

«እሱ? ማልያ ነው፣ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ የገባ። ለበጎ አድራጎት ጨረታ ሲወጣ ገዛሁት። ከተሰረቁት ጋር አላስመዘገብኩትም፤ ሽጉጦቹና ሰዓቶቹ በቂ ናቸው ብዬ።»

«የማን ማልያ?»

«የሰባ አራት ቁጥር!» የሽማግሌው ፊት በራ። «ያንን ልጅ አለማየትሽ! እንደ ጎተራ በር ሰፊ። ለዋንጫ ስንጫወት ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉልበቱ እስኪሄድ ድረስ ማን ያልፈው ነበር?»

«ስሙ ማን ነበር?»

ሚስተር ላይል አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። «ጄ… ጄሮም? አይደለም። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ሙሉ ዶሮ ሲበላ አስታውሳለሁ እኮ!»

«እዚህ ቤት ይመጣ ነበር?»

«ሁሉም ይመጡ ነበር! እሁድ እሁድ እኛ ደጋፊዎቹ ተራ ገብተን ተጫዋቾቹን ምሳ እናበላለን። የኔ ቤት፣ የዊኒ ቤት፣ ሌሎቹም። ቤታችሁ ነው፣ ቁልፉ ይሄውላችሁ፣ መዋኛውን ስትፈልጉ ተጠቀሙ እንላቸዋለን። ዊኒ ብቻ ነች የምታስቸግራቸው። ለነጭ ምንጣፏ ስትል እነዚያን መርከብ የሚያካክሉ ጫማዎች በረንዳ ላይ ታስወልቃቸዋለች። ሃያ ግዙፍ ልጅ በካልሲ ሲሄድ…»

ኔልዳ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ሚስተር ላይል፣ ባለፈው ወር እዚህ ቤት ማን ገብቶ ያውቃል ብዬ ስጠይቅዎ አትክልተኛውን ነገሩኝ፣ ቀለም ቀቢውን ነገሩኝ። ስለ ልጆቹ ምንም አላሉኝም።»

«እነሱማ ምን ብዬ? ልጆቻችን ነበሩ እኮ!»

*

የሰባ አራት ቁጥርን ስም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ጣቢያው በር ላይ የሚቀመጠው አዛውንት ፖሊስ ሳያስብ መለሰላት።

«ጄሪክ ቶልስ ነዋ! ስንቴ አስሬዋለሁ። የተተወ ቤት እየገባ የመዳብ ሽቦ ይመዝዝ ነበር። ምስኪን፣ ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲያ ያለ ማስታገሻ ክኒን አይውልም ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«መቃብር። ታኅሣሥ ውስጥ ሞተ። አልሰማሽም?»

ኔልዳ ቆመች። በጥቅምት ሁለት ቤት፣ ታኅሣሥ ሞት፣ በመጋቢት ደግሞ የሟቹ ማልያ። በብርዱ ወራት ሌባው ያረፈው ለምን እንደሆነ አሁን አንድ ነገር ታያት።

«ጓደኛ ነበረው?»

«ኮርዴል አቫንት። ኳስ ይዞ የሚሮጠው። አብረው ነው የተጫወቱት። አሁን አውራ ጎዳናው ላይ ጎማ ቤት ይሠራል።»

ኮርዴልን የጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ ለውዝ እየፈለፈለ አገኘችው። ሠላሳን ያለፈ ነው፤ ትከሻው ገና የተጫዋች ነው፣ ሆዱ ግን አይደለም። ስለ ጄሪክ ስትጠይቀው የለውዙን ቅርፊት መዳፉ ላይ ሰበሰበ።

«ምን ልንገርዎት? ጉልበቱን በመርፌ እያደነዘዙ አጫወቱት። ሲበጠስ ደህና ሁን አሉት። ክኒኑ ግን ደህና ሁን አላለውም። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እናንተው ጋ ነበር የሚያድረው።»

«አንተስ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቱን ሳልጨርስ ጨዋታው አለቀ። ጎማ ክብ ነው፣ አያስቸግርም።»

«ሐይቁ አካባቢ አብራችሁ ትሄዱ ነበር? እሁድ ምሳ?»

«ያኔ። ሁላችንም እንሄድ ነበር።» ሳቅ አለ። «ዶሮው ጥሩ ነበር።»

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሥራ። አለቃዬን ይጠይቁት።»

አለቃው ከመኪና ሥር ራሱን አወጣ። «ረቡዕ? የግንድ ጫኝ መኪና ጎማ ፈንድቶ ልኬው ነበር። ቀይሮ መጣ። ሾፌሩም ደውሎ አመሰገነኝ። ከኮርዴል የተሻለ ሠራተኛ የለኝም፣ እሱን እንዳትወስጂብኝ!»

ኔልዳ አመስግና ወጣች። ልጁን ወደደችው፤ መውደዷ ደግሞ አላማራትም።

*

የጄሪክ እናት እማማ ኦኔይዳ ቶልስ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ በአንዲት ነጭ ቤት ይኖራሉ። ኔልዳ የመጣችው የልጃቸውን ጓደኞች ስም ልትጠይቅ ነበር። ገና ከመግባቷ ግን ጥያቄዋ አፏ ላይ ቀረ። ከሶፋው በላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ሰባ አራት ቁጥር ተሰቅሏል።

እማማ ኦኔይዳ ዓይኗን ተከትለው አዩ። ፈገግ አሉ።

«አየሽው? ኮሌጁ ላከልኝ።»

«ኮሌጁ?»

«አዎ። ለቀብሩ ማንም አልመጣም ነበር። አበባ እንኳ። እኔም አዝኜባቸው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስሙን ሲጮሁ ኖረው አንድ ሰው ይጥፋ? ለካ በከንቱ አምቻቸዋለሁ። በመጋቢት ኮርዴል ይዞት መጣ። ‹እማማ፣ ኮሌጁ ልጅሽን አልረሳውም፣ በኔ በኩል ልኮልሻል› አለኝ። አልቅሼ ሞትኩ። አሁን ጠዋት ስነሳ እሱን ነው ሰላም የምለው።» ወንበር ሳቡላት። «ቁጭ በይ፣ ልጄ። ምን ፈልገሽ ነበር?»

ኔልዳ ተቀመጠች። የበቆሎ ዳቦ ቀረበላት፤ በላች። ስለ ጄሪክ ልጅነት አወሩላት፤ ሰማች። ማስረጃው ከራሷ በላይ ተሰቅሎ ሳለ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

«ምንም፣ እማማ። አካባቢውን ስዞር ደህንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው» ብላ ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ ሆና ለጎማ ቤቱ ባለቤት ደወለች።

«የዚያ የግንድ ጫኝ ጎማ የፈነዳው የት ነበር?»

«የሐይቁ መንገድ ላይ ነዋ። ከስታሊንግስ ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ። አልነገርኩሽም እንዴ?»

*

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ሚስተር ላይል ጋ ነው።

«ማልያው ተገኝቷል» አለቻቸው። «ግድግዳ ላይ ነው። የእናቱ ግድግዳ ላይ።»

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ባዶ ወደ ቀረው ቦታ ዞሩ። «እናት አለችው?»

«አለችው። የላከላት ኮሌጁ ይመስላታል።»

«ከተሰረቁት ውስጥ እሱን አላስመዘገብኩም፣ አይደል?»

«አላስመዘገቡም።»

«እንግዲያው አልጠፋብኝም» አሉ ሚስተር ላይል። በር ድረስ ሸኟት፤ ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዙ። «ስሙን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ቀስ ብለው ደገሙት።

ከዚያ ጎማ ቤት ሄደች። ኮርዴል ብቻውን ከኋላ ግቢ ጎማ እያጠበ ነበር።

«ከእማማ ኦኔይዳ ጋ የበቆሎ ዳቦ በላሁ» አለችው።

ቧንቧውን ዘጋ። «ነገሯት?»

«አልነገርኳቸውም።»

ትከሻው ወረደ። የተሸከመው ነገር አሁን ገና የታየ ይመስል ነበር። «ሚስ ዊኒ አዳልጦኝ ነው አሉ ሲባል ሰማሁ። በቃ፣ አለፈ ብዬ ነበር።»

«አላለፈም። አንሴልሞ ኪሮዝ የሚባል ሰው ታስሯል።»

«ማነው?»

«አየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። በዚያ መንገድ ላይ መኪናው ታይቶ ነው። ሁለት ልጆች አሉት።»

ኮርዴል እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደጋግሞ ጠረገው። ከዚያ ያለ ምንም ክርክር ጃኬቱን ከምስማሩ ላይ አወረደ።

«የጥቅምቶቹን ከጄሪክ ጋር ነው የገባንባቸው» አለ። «ለመድኃኒቱ። ክኒኑን ሲያጣ ያለቅሳል፤ ያ ተራራ የሚያክል ሰው! እሱ ሲሞት እተዋለሁ ብዬ ነበር። ለቀብሩ ማንም ሳይመጣ ሲቀር ግን አንድ ነገር አንጀቴ ውስጥ ገባ። ማልያውን ለማምጣት ላይል ቤት ገባሁ። ሽጉጦቹንና ሰዓቶቹንም ወሰድኩ፤ አልዋሽዎትም። ከሰረቅኩ በኋላ ደግሞ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ድሮ የምቀመጥበት ቦታ ነበር።»

«ሚስ ዊኒስ?»

«ረቡዕ ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። ጎማውን ቀይሬ ስመለስ መኪናቸው የለም። ለካ ጋራዥ ገብቶ ነው። ማንኪያውን እየከተትኩ ሳለ ከኋላዬ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። አላሰብኩም፣ ኢንስፔክተር። ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት ይሄንኑ ነው፤ ፊቴ የቆመውን ጥሼ ማለፍ። ደረጃው ጋ ስደርስ ከኋላዬ ‹ኮርዴል?› አሉኝ። አልጮሁም። ለምሳ የሚጠሩኝ ነው የሚመስለው።»

«ተመለስክ።»

«ተመለስኩ። ትራስ አመጣሁ፣ ደወልኩ። እጄን ይዘው ‹ሂድ› አሉኝ።» ፊቱን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ። «ወደ ጣቢያ ከመሄዳችን በፊት እሳቸውን ባይ ይሆናል?»

*

ሐኪሞቹ ያን ቀን ጠያቂ ፈቅደው ነበር። ሚስ ዊኒ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኮርዴል በሩን ሞልቶ ሲቆም አዩት፤ ከዚያ ኔልዳን አዩ።

«ይሄን ሰውዬ አላውቀውም» አሉ።

«ሚስ ዊኒ፣ ይተዉ» አለ ኮርዴል። «በኔ ምክንያት ሌላ ሰው ታስሯል። አንሴልሞ የሚባል።»

«አንሴልሞ? የኔ አንሴልሞ?» አሮጊቷ ሊነሱ ቃጥቷቸው ሕመሙ መለሳቸው። «እስካሁን ስለ ምን ሳትነግሩኝ ቀራችሁ! እኔ እኮ ማንም አይጎዳም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ሁሉንም ለኔልዳ ተናገሩ። ትከሻው እንደመታቸው፣ እንደጠሩት፣ እንደተመለሰ። አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ሲጨርሱ ወደ ኮርዴል ዞሩ።

«በፊት ለፊት በር አንኳኩተህ ብትመጣ አልከፍትልህም ነበር?»

«መጥቼ ነበር» አለ። «ከጨዋታ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ እሁድ። ግቢው መኪና ሞልቶታል። በመስኮት አየሁ። አዲሶቹ ልጆች ጠረጴዛውን ከበዋል፣ እርስዎ ዶሮ ያድላሉ። የኔ ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ሲስቁ ነበር። ተመለስኩ።»

ሚስ ዊኒ የአልጋውን ልብስ ጫፍ በጣቶቻቸው አጠፉ፣ ዘረጉ።

«አላየሁህም» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ልፈልግህም አልወጣሁም።»

ኔልዳ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለዶስ ደወለች። ዶስ ሰምቶ ሲያበቃ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ጠጋኙን ራሴ እፈታዋለሁ» አለ። «ይቅርታም ራሴ እጠይቀዋለሁ፤ አንቺ ስትስቂብኝ ከምሰማ።»

ጣቢያው ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ኮርዴል እጆቹ ታስረዋል፤ ኔልዳ ሰው እንዳያይበት ጃኬቱን ጣል አድርጋበታለች። መግቢያው ጋ ሲደርሱ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ቀበቶውንና የቁልፍ ዘለላውን በእጁ የያዘ አጭር ሰው ወጣ። የመጡትን ሲያይ ቆም ብሎ በሩን በጀርባው ደግፎ ያዘላቸው።

ኮርዴል አጠገቡ ሲደርስ ቆመ። ኔልዳ አልገፋችውም።

«ይቅርታ» አለ ኮርዴል።

አንሴልሞ ቀና ብሎ አየው። ይህ ግዙፍ ሰው መንገድ ስለ ዘጋበት ይቅርታ የጠየቀው መሰለው።

«ኧረ ምንም አይደል፣ ወንድሜ» አለው። «ግባ፣ እኔ አልቸኩልም።»